የግድግዳው መድኃኒት

ሞያሌ፣ የካቲት 1980 ዓ.ም.

ውድ ቀድሪያ፣

«ውድ» ያልኩሽ ደብዳቤ እንዲህ ተብሎ ይጀመራል ተብለን ስለተማርን ነው። ታስታውሺ እንደሆነ፣ በመሠረተ ትምህርቱ ዘመን ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ አንድ አግዳሚ ላይ ተጣብቀን ተቀምጠን ሳለ፣ አስተማሪው ቃሉን ሰሌዳው ላይ ጽፎ፣ «የምትጽፉለት ሰው ማንም ይሁን ማን በዚህ ትጀምራላችሁ» ብሎን ነበር። አንቺ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለሽ፣ «እቴቴ፣ ጠላትም ቢሆን?» ስትዪኝ ሁለታችንም በሳቅ ፈነዳን፤ ሰውዬውም ተቆጣን። ይኸው መልሱን ዛሬ አገኘሽው። ጠላትም ቢሆን።

ለጤናሽም እንደምን ነሽ አልልሽም፤ ዋቆ ሁሉን ነግሮኛል። ጭነት ይዞ በፊያቱ ወደዚህ በወረደ ቁጥር ሻሽና ሽርጥ የምሸጥባት ሱቄ ደጃፍ ያቆምና፣ «አካም ኡሙልኸይር፣ ናጋ?» ብሎ ሳልጠይቀው የነገሌን ወሬ ይዘረግፍልኛል። ከስታለች ይለኛል። ያ ሁሉ ሳቋ የት እንደገባ እንጃ ይለኛል። እኔም «ወይ ጉድ!» እላለሁ። ምን እዋሻለሁ፣ አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል።

የምትጠብቂውን በቅድሚያ ልንገርሽ። መሱዳ ደርሳለች። አሁን አጠገቤ ፍራሹ ላይ ተቀምጣ ስጽፍ ታየኛለች። ቃልሽን ጠብቀሻልና እኔም ቃሌን እጠብቃለሁ። «ልጄን ላኪልኝ፣ የግድግዳውን መድኃኒት እጽፍልሻለሁ» ነበር ያልኩሽ። እጽፍልሻለሁ። ግን ሐኪም እንኳ መድኃኒት ከማዘዙ በፊት ሕመምተኛውን የት ነበርክ፣ ምን በላህ ይላልና ከሥሩ ልጀምር። ችኮላ ላይ እንደሆንሽ አውቃለሁ። ኑሪ ከሻሸመኔ ሊመለስብሽ ነው፣ ዝናቡም ሊገባብሽ ነው። ትንሽ ታገሺኝ፤ እኔ አንቺን ብዙ ታግሻለሁ።

አክስቴ «እንደ ልጅሽ አድርገሽ ያዢልኝ» ብላ ከአገር ቤት ስትልክሽ ከመኪና የተቀበልኩሽ እኔ ነኝ። ያኔ ባሌ የነበረው ኑሪ «ሌላ አፍ ጨመርሽብኝ» ብሎ ፊቱን አጠቆረ። ያኔ አንቺን ሲያይ ፊቱን ነበር የሚያጠቁረው፤ ቀን እንዴት ይለወጣል።

ቤቱ ያን ጊዜ አጥንቱ ብቻ ነበር የቆመው። ኑሪ ባሕር ዛፉን ከቦሬ በመኪና አስጭኖ ሲያወርድ፣ በጓሮ በኩል የምትጎራበተን አዴ ጉያቱ መጥታ አንዱን እንጨት በእግሯ ገፋ አድርጋ አየችውና፣ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ይሄ የደጋ እንጨት ነው። የኛን አገር ምስጥ አያውቅም» አለችኝ። የእያንዳንዱን ቋሚ እግር ከጋራዥ በለመንነው የተቃጠለ ዘይት እየነከርን ያቆምነው እሷ ስለነገረችን ነው። አፈሩንም ከኩይሳ ላይ አስቆፈረችን። የኩይሳ አፈር ዝናብ ቶሎ አያወርደውም አለች። ኑሪ ግን «አገሬ እንዲህ አይሠራም» እያለ ሲያጉረመርም ከረመ። ቋሚውን አቁሞ፣ ማገሩን መትቶ፣ ቆርቆሮውን አልብሶ ሲያበቃ እጁን አራገፈና፣ «ጭቃው የሴት ሥራ ነው» ብሎ ወደ ሱቁ ሄደ።

ማገሩ ከውስጥም ከውጭም የተመታ ስለነበረ መሐሉን በጠጠርና በጭቃ ጠቅጥቀን ሞላነው። ወፍራም ግድግዳ የፈለግኩት እኔ ነኝ። የነገሌ ፀሐይ ቀን ውጭ ሰው ሲያቃጥል ውስጡ እንዲቀዘቅዝ፣ ማታ ብርዱ ሲመጣ ደግሞ ግድግዳው ቀን የጠጣውን ሙቀት ቀስ እያለ እንዲመልስልን ብዬ ነው። የሆነውም እንደዚያ ነው። ያ ቤት ውስጥ በሙቀት ያለቀሰ ሕፃን፣ በብርድ የተንቀጠቀጠ እንግዳ አላየንም። አንቺም ወፍረሽ፣ ጉንጭሽ ሞልቶ፣ ለዓይን የምታሳሺ ሆነሽ ያደግሽው እዚያ ግድግዳ ውስጥ ነው።

ጭቃውን ያቦካንበትን ሰሞን ረስተሽው ከሆነ ላስታውስሽ። ጭዱን ከትፈን፣ ውኃ አጠጥተን፣ ሸፍነን ስናስቀምጠው ሽታው አጥሩን ዘሎ ወጣ። ጭቃ እስኪሸት ካልቦካ እንደማይዝ ስነግርሽ ባታምኚኝም አፍንጫሽን በሻሽ አስረሽ ገባሽበት። «እቴቴ፣ እዚህ ሽታ ውስጥ ነው እንዴ የምንኖረው አንቱ?» አልሽኝ። «ሲደርቅ ይጠፋል፣ ሞኝ!» አልኩሽ። እንዳንወድቅ እጅ ለእጅ ተያይዘን ስንረግጥ አዳለጠሽና እኔንም ይዘሽኝ ወደቅሽ። ሁለታችንም ዓይናችን ብቻ ሲቀር ጭቃ ሆነን፣ አዴ ጉያቱ አጥሩ ላይ ተደግፋ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀችብን።

ያን ቀን እህት ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። እናቴ ከእኔ በኋላ ሌላ አልወለደችም፤ እጅሽን እንደያዝኩ «በቃ፣ ይህች የኔ ናት» አልኩ በልቤ። ይህን ነግሬሽ አላውቅም። አሁን የምነግርሽ እንዲያምሽ ብዬ ነው።

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ዝናቡ ሲያባራ ግድግዳውን አብረን እንዞረው ነበር። ስንጥቁን እናያለን፣ እበትና አመድ ለውሰን እንለቀልቃለን፣ የቋሚውን እግር ገለጥ አድርገን የተቃጠለውን ዘይት እንደገና እናስጠጣለን፣ ከቆርቆሮው የሚወርደው ውኃ እንዳይቋጥር ቦዩን እንጠርጋለን። ከሁሉ የሚያስቸግረን ነፋስና ዝናብ የሚደበድበው የጓሮው ግድግዳ ነበር። እሱን ሁልጊዜ አንቺ ነበርሽ የምትለቀልቂው። እጅሽ ለስላሳ ነው፣ ልስኑን ታሳምሪው ነበር፤ ይህንን አልክድሽም።

እንዴት እንደተጀመረ አልጽፍም። አንድ ሰሞን ኑሪ ለሻይ ቶሎ ቶሎ ወደ ቤት መምጣት አበዛ። እኔ «ባሌ ቤቱን ወደደ» ብዬ ለአዴ ጉያቱ ስነግራት ቀና ብላ አየችኝና ወሬውን ወደ ዝናቡ መለሰችው። ወንድ ልጅ አማረኝ አለ። ፈታኝ። አገባሽ። ሦስቱም ነገር የሆነው አንድ ጣራ ሥር ነው፤ አንቺም አንገትሽን ደፍተሽ ትሰሚ ነበር። አንገት መድፋት ያስተማርኩሽም እኔ ነኝ።

ሽማግሌዎቹ የተቀመጡት እዚያው ሳሎን ውስጥ ነበር። መሱዳን ስጡኝ ብዬ ለመንኳቸው። ኑሪ ተነስቶ፣ «ልጅ የሚያድገው ግድግዳ ባለበት ቤት ነው። እሷ ዛሬ ግድግዳ የላትም» አላቸው። ይህን ሲል የተደገፈው ግድግዳ ላይ የእጄ አሻራ ነበረበት፤ የቱ ጋ እንደሆነ ዓይኔን ጨፍኜ ማሳየት እችል ነበር። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፣ ጢማቸውን ደባበሱ፣ ልጄን ለአባቷ ፈረዱ። አንቺ ከመጋረጃው ኋላ ሆነሽ ስትሰሚ እግርሽ ይታየኝ ነበር። አንድ ቃል ብትተነፍሺ ምን ነበረበት? «የእናቷ ልጅ ናት» ብትዪ? ሙሽራ አይናገርም ብለሽ ይሆናል።

ሳጥኔን ልወስድ የመጣሁ ቀን ግቢው በሲሚንቶ ከረጢት ተሞልቶ አገኘሁት። ሲሚንቶ እንደ ወርቅ በሚፈለግበት ጊዜ ኑሪ ከየት እንዳመጣው አላህ ይወቀው። ሠራተኞቹ ግድግዳዬ ላይ የዶሮ ሽቦ እየዘረጉ በሚስማር ከቋሚው ጋር ይመቱት ነበር። ለምን እንደሆነ ስጠይቅ ከሠራተኞቹ አንዱ፣ ማን እንደሆንኩ ሳያውቅ፣ «አዲሷ እመቤት ናት። ‹የሷ እጅ የለቀለቀው እበት እየሸተተኝ አልተኛም› ብላለች» አለኝ።

የሷ እጅ! ቀድሪያ፣ የጓሮውን ግድግዳ የለቀለቀው የማን እጅ ነበር?

አዴ ጉያቱ እዚያው ቆማ ሲሚንቶው ሲለጠፍ ታያለች። «ኑሪ፣ ጭቃ ይተነፍሳል እኮ» አለችው። «ከላዩ ስትዘጋው ውኃው በየት ይውጣ?» ሳቃችሁባት። እኔም ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ነገርኩት። ይህንን ሽቦ አትምታ፣ እንጨቱን ትሰነጥቀዋለህ፣ ሲሚንቶና ጭቃ አይያያዙም፣ ልጄም የምትተኛው እዚህ ቤት ነው አልኩት። «ቅናት ነው የሚያናግርሽ» አለኝ። አንቺ በሩ ላይ ቆመሽ አፍሽን በሻሽሽ ጫፍ ሸፍነሽ ሳቅሽ። ሳጥኔን ተሸክሜ ወጣሁ። መሱዳ እስከ አጥሩ በር ተከተለችኝና ከዚያ ወዲያ እንዳትሄድ ተጠርታ ተመለሰች። የጠራት የአንቺ ድምፅ ነበር።

ቤታችሁ አምሮ እንደነበር ሰማሁ። ሮዝ ቀለም ተቀባ፣ ከመንገድ ይታያል፣ አላፊ አግዳሚው «የኑሪ ግንብ» ይለዋል አሉኝ። እሰይ። እኔ ሞያሌ ላይ በሰው በረንዳ ጀምሬ፣ አፈርና ፀሐይ በልቼ፣ ይህችን አንዲት ክፍል እስክከራይ ድረስ ስለ ግንባችሁ ዋቆ ያወራልኝ ነበር። ስለ መሱዳም ያወራልኛል። ውኃ ስትቀዳ አየኋት ይለኛል፣ ልጅ አዝላ አየኋት ይለኛል፣ ትስላለች ይለኛል። ሳል የያዘው የኔን ልጅ ነው እንጂ ያንቺን አይደለም። አንቺ ልጅሽን ረዲን ወልደሽ ስትታረሺ፣ የኔ ልጅ በዚያ አንገቷ ጀሪካን ተሸክማ ትመላለስ ነበር።

ከዚያ ደብዳቤሽ መጣ። ከተጋባችሁ ጀምሮ «አንቺ» ስትዪኝ የነበርሽው ሴት፣ በዚያ ደብዳቤ እንደገና «አንቱ» አልሽኝ። እጄ ላይ ነው፤ እያየሁ ልገልብጥልሽ። «ይድረስ ለእቴቴ። ግድግዳው ላብ ያልበዋል። ቀለሙ እየተነሳ ይረግፋል። የጓሮው ክፍል ሻጋታ ሸተተ። ሲያንኳኩት ውስጡ ባዶ ይመስላል። ኑሪ ‹በሷ ጊዜ እንዲህ አልነበረም፣ ሲሚንቶ አምጣ ያልሽኝ አንቺ ነሽ› ይለኛል። ሻሸመኔ ሲሄድም፣ ‹ዝናቡ ሳይገባ ስመለስ ይህ ግድግዳ ድኖ ካላገኘሁት ልጅሽን ትተሽ ትወጪልኛለሽ› ብሎኛል። እቴቴ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ምን ይቀቡት ነበር?»

አንብቤ ስጨርስ እንደገና አነበብኩት። ልጅን ትቶ ከዚያ ቤት መውጣት እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ የምታውቅ አንዲት ሴት አለች፣ ለሷ ጻፍሽ፤ የጠየቅሻት ግን ስለ ቀለም ነው። እንዴት አደርሽ፣ እንዴት ኖርሽ፣ እንዴት ቻልሽው የለም። ምን ይቀቡት ነበር!

እኔም ያቺን አንዲት መስመር መለስኩልሽ። ልጄን ላኪልኝ።

አባቷ በሌለበት ትልኪያታለሽ ብዬ ግን አላሰብኩም ነበር። ዋቆ በሩን ከፍቶ ሲያወርዳት ያየሁትን ማመን አቅቶኝ ሱቄን ክፍት ጥዬ ሮጥኩ። አድጋለች። ከስታለች። አቅፌያት ስስማት የሆነ ነገር ደረቴን ይወጋኛል፤ ሳየው ክዳኑ የተከደነ ባዶ የዘይት ጀሪካን ነው። በሁለት እጇ ይዛዋለች፣ አልለቅ አለችኝ።

«ይሄ ምንድን ነው የኔ ዓለም?»

«ለመድኃኒቱ ነው» አለችኝ። «እትዬ ቀድሪያ ‹ሄደሽ ከእናትሽ ዘንድ የግድግዳውን መድኃኒት አምጪልን› አለችኝ። በዚህ ይበቃል እማዬ? ዋቆ ሲመለስ እመለሳለሁ ብያታለሁ።»

ቀድሪያ፣ እኔ ልጄ ወደ እናቷ የመጣች መስሎኝ ነበር። አንቺ ግን ዕቃ አስይዘሽ ገበያ ነው የላክሻት። መኪናው ላይ እንድትወጣ ብለሽ ዋሸሻት፤ እሷም አምና ወጣች። እያለቀስሽ ነው የሸኘሻት አሉ፤ ዋቆ አይቷል። ለማን ነበር ያለቀስሽው? ለሷ እንዳትዪኝ ብቻ።

ክፍሌ ስትገባ መጀመሪያ ያደረገችውን ልንገርሽ። ጀሪካኑን በሩ ሥር አስቀመጠች፣ ግድግዳዎቹን አንድ በአንድ በጣቷ አንኳኳች፣ ጆሮዋን ለጥፋ አዳመጠች። ምን ትሠሪያለሽ ስላት፣ «የት እንደምተኛ እያየሁ ነው» አለችኝ። በአንቺ ቤት የተማረችው ሙያ ይህ ነው። ሻይ አፍልቼ ዳቦ ሰጥቼ ቀስ እያልኩ ስጠይቃት ሁሉን ነገረችኝ። የጓሮው ክፍል ውስጥ ከረዲ ጋር አንድ አልጋ ላይ እንደሚተኙ፣ ሌሊት ግድግዳው እንደሚያላብ፣ ውኃው ፍራሹን እንደሚያርስ። «ረዲ ሕፃን ስለሆነ እርጥቡ እንዳይነካው እኔ ነኝ በግድግዳው በኩል የምተኛው» አለችኝ። እየተኩራራች ነው የነገረችኝ። ጀርባዋን ገልጬ አየሁት፤ በዚያ በኩል ያለው ቆዳዋ ሽፍ ብሏል። ሳሏ ከየት እንደመጣ ያኔ ገባኝ።

ልጄን ለልጅሽ ግድግዳ አደረግሻት።

ከዚያ ወዲያ ለአንቺ የነበረኝ ነገር፣ ካለ፣ አለቀ። እንግዲህ መድኃኒቱን ልጻፍልሽ።

ጭቃ ውኃ ይጠጣል፣ ፀሐይ ሲወጣ ደግሞ መልሶ ይተፋዋል። ስንኖርበት የነበረው እንደዚህ ነው። እናንተ ሲሚንቶውን ስትለጥፉበት መጠጣት እንጂ መትፋት የማይችል አደረጋችሁት። ለሽቦው የመታችሁት ሚስማር ቋሚዎቹን ሰነጠቃቸው። ሲሚንቶው በመጀመሪያው ዓመት ፀሐይ እንደ ፀጉር በቀጠነ መስመር ተሰነጠቀ፤ ከሩቅ ስለማይታይ አላያችሁትም። ያለፉት ዝናቦች በዚያ ስንጥቅ ገቡ፣ መውጫ አጡ፣ ጭቃው ውስጥ ቀሩ። የቋሚውን እግርም በሲሚንቶ ስለደፈናችሁት የተቃጠለ ዘይት የሚያስጠጣው የለም። ምስጥ ደግሞ ረጥቦ የተደበቀ እንጨት ካገኘ ሌላ ምን ይፈልጋል? ከውጭ ሮዝ ቀለም ስትቀቡለት እሱ ከውስጥ ሲበላ ነበር። ስታንኳኪው ባዶ የመሰለሽ ባዶ ስለሆነ ነው። አሁን ቆርቆሮውን የተሸከመልሽ እንጨቱ አይደለም፤ ያ የሲሚንቶ ቅርፊት ነው።

ካላመንሽኝ ቢላዋ ውሰጂና ከወለሉ ክንድ ያህል ከፍ ብለሽ ሲሚንቶውን ፈልፍዪ፤ ቋሚውን ስታገኚው ውጊው። እንደ ዳቦ ከገባልሽ እኔ ልክ ነኝ ማለት ነው።

መድኃኒቱም ይኸውልሽ። ጣራውን በድጋፍ ታስይዣለሽ። ሲሚንቶውን በሙሉ ከነሽቦው ታነሺዋለሽ። የበሰበሱትን ቋሚዎች አውጥተሽ ሌላ ታቆሚያለሽ፤ ጥድ ቢሆን ይሻላል። እግራቸውን ዘይት ታስጠጫለሽ። ከኩይሳ አፈር ታስመጫለሽ፣ ጭድ ከትፈሽ ታቦኪያለሽ፣ እስኪሸት ትጠብቂያለሽ። ትመርጊያለሽ፣ እስኪደርቅ ትጠብቂያለሽ፣ ከዚያ በእበትና በአመድ ትለቀልቂያለሽ። በጋውን ሙሉ የሚፈጅ ሥራ ነው፤ በጋው ደግሞ አልቋል። ጭቃው ሳይደርቅ ዝናቡ ይመጣል። ሳትነኪው ትተሽው ብትከርሚም፣ የጓሮው ግድግዳ ይህን ዝናብ አይሻገርም። ሲወድቅ ወደ ውስጥ ነው የሚወድቀው፤ ነፋሱ የሚገፋው ወደዚያ ነውና።

ስለዚህ ለዘንድሮ መድኃኒት የለውም። ይህንንም ደብዳቤሽን ያነበብኩ ዕለት አውቀው ነበር። ያኔውኑ ልጽፍልሽ እችል ነበር። ግን ያኔ ብጽፍልሽ ኖሮ መሱዳን ትልኪልኝ ነበር? እንግዲያው አትውቀሺኝ። የግድግዳውን መድኃኒት እጽፍልሻለሁ አልኩ እንጂ ጊዜ እሰጥሻለሁ አላልኩም።

ኑሪ ሲመጣ ሁለት ነገር ይጠይቅሻል። ግድግዳውን ሲጠይቅሽ ይህን ወረቀት አሳዪው። «ልጄስ?» ሲልሽ ደግሞ፣ ለግድግዳው ስል ሰጠኋት በይው። ሊወስዳት ከመጣ ይምጣ። የዚህን አገር ሽማግሌዎች አስቀምጬ እጠብቀዋለሁ። የተከራየሁት ክፍል የድንጋይ ነው፤ ግድግዳ አላት በይልኝ። የልጄንም ጀርባ ለሽማግሌዎቹ ገልጬ አሳያቸዋለሁ።

አንቺን ካባረረሽ ወደዚህ እንዳትመጪ። አክስቴን አስቤ፣ ያን የረገጥነውን ጭቃ አስቤ፣ በሬን የምከፍትልሽ ቢመስልሽ ተሳስተሻል። አልከፍትም። አዴ ጉያቱ ዘንድ ሂጂ፤ እሷ ከእኔ ትሻላለች። እኔን እንዲህ ያደረግሽኝ አንቺ ነሽ፤ ሥራሽ ስለሆነ ደስ ይበልሽ።

መሱዳ «ጨረስሽ?» ትለኛለች። «መድኃኒቱን ጻፍሽላት?» ትለኛለች። ጻፍኩላት አልኳት፤ አልዋሸኋትም። ዋቆ ነገ ሲመለስ አብራው እንደማትሄድ ግን ገና አልነገርኳትም። ወረቀቱ ከሥሩ ስለተረፈ ለራሷ ትንሽ ቦታ ተዪልኝ ብላኛለች። ሦስተኛ ክፍል ናት፣ ፊደሏ ጥሩ ነው። የምትጽፈውን አላርምም፤ እንዳለ ይድረስሽ።

ዳግመኛ አልጽፍልሽም።

እቴቴ ስትዪኝ የነበርኩት፣
ኡሙልኸይር

እትዬ ቀድሪያ እንደምን ነሽ። እኔ ደህና ነኝ። እማዬ መድኃኒቱን ጽፋልሻለች። ወረቀት ስለሆነ ጀሪካኑ አላስፈለገም። እኔ ጋ ነው፣ አልጠፋም፣ ስመጣ አመጣዋለሁ። እዚህ ግድግዳው ድንጋይ ነው፣ ሳንኳኳው ጣቴን ያመኛል። አባዬን ሰላም በይልኝ። አዴ ጉያቱንም ሰላም በይልኝ። ረዲን ሳሚልኝ፣ ቶሎ እመጣለሁ በይው። በግድግዳው በኩል አሁን የሚተኛው ማነው?

መሱዳ ኑሪ